ላቦራቶሪ የለኝም፤ ኳንተም ላይ ምን ልመራመር?

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት መርሐ ግብር እየተማርኩ ነው። ኮርሶቹን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ቴሲስ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ታይትል ማስገባት አለብኝ። ልቤ ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ላይ ነው። አማካሪዬ ግን የሚሠሩት ኳንተም ኦፕቲክስ (የብርሃን የኳንተም ጥናት)፣ ባለሦስት እርከን ሌዘር በሚባለው ላይ ነው። ጓደኞቼ እሱ ያረጀ ነው፣ አሁን ዘመኑ የኳንተም ማሽን ለርኒንግ ነው ይሉኛል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት የርዕስ ዝርዝር ደግሞ ከመብዛቱ የተነሳ ጭራሽ አደናገረኝ። ላቦራቶሪ የለንም። ያለኝ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ነው። መብራትም ኢንተርኔትም ይቆራረጣል። ፓይተን ትንሽ እሞካክራለሁ። በዚህ ሁኔታ የረባ ምርምር መሥራት ይቻላል? ወይስ የሆነ ነገር ጽፌ ልገላገል? ርዕስ የቸገራት፣ ከደብረ ማርቆስ።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። የረባ ምርምር መሥራት ይቻላል። ለመገላገል ብሎ የሚሠራ ቴሲስ ግን ከምታስቢው በላይ ያደክማል። ቀኑን ስታስተምሪ ውለሽ ማታ የምትከፍቺው ሥራ የምትጓጊለት መሆን አለበት።

የላቦራቶሪው ነገር ቢያሳስብሽ አይፈረድብሽም። የኳንተም ቺፕ መሥራት ከፈለግሽ እዚህ ሆነሽ አይሆንም። የጉግልና የአይቢኤም ቺፖች የሚሠሩት ከፍጹም ዜሮ በላይ ከአንድ ዲግሪ መቶኛ ብዙም በማይርቅ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። እዚያ ድረስ የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ብቻውን ከትምህርት ክፍላችሁ አቅም በላይ ነው። ዘርፉ ራሱ ግን የተወለደው ማሽኑ ሳይኖር ነው። ሪቻርድ ፋይንማን ተፈጥሮን በደንብ ለማስላት ኮምፒውተሩ ራሱ በኳንተም ሕግ መሥራት አለበት የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው በ1981 ነው። ዴቪድ ዶይች በ1985 የማሽኑን ሒሳባዊ መልክ አስቀመጠ። ፒተር ሾር በ1994 ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ ብቸኛ አካፋዮቻቸው የሚበትነውን ስልት ሲያገኝ፣ ስልቱን ሊያስኬድ የሚችል አንድም ማሽን በዓለም ላይ አልነበረም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ብዕርና ወረቀት የያዘ ሰው ዛሬም በዚህ መስክ ቦታ አለው። ላፕቶፕ ሲጨመርበት ደግሞ ቦታው ይሰፋል።

ያወረድሽውን ዝርዝር ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው። እንደዚህ ያሉ ዝርዝሮች «ኳንተም ክሪፕቶግራፊ»፣ «ኢንታንግልመንት» (ተራርቀውም እንኳ የማይላቀቅ የኳንተም ቁርኝት)፣ «የኳንተም አልጎሪዝሞች» እያሉ ይቀጥላሉ። እነዚህ ለአንድ ቴሲስ የሚሆኑ ርዕሶች አይደሉም። እያንዳንዳቸው ብዙ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡባቸው ሰፋፊ መስኮች ናቸው። አንቺ የሚያስፈልግሽ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው መልስ ሲያገኝ መልሱ ምን እንደሚመስል ከአሁኑ መናገር መቻል አለብሽ። እኔ ተማሪዎችን የምጠይቃቸው እንዲህ ነው፦ የቴሲስሽን ዋና ግራፍ በእጅሽ ሳይልኝ። አግድሙ መስመር ላይ ምን ይለካል? ቋሚው ላይስ? ሁለቱን መስመሮች መሰየም ያልቻለ ተማሪ ጥያቄ ገና አላገኘም ማለት ነው። ፕሮፖዛሉ የቱንም ያህል ቢያምር ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

በዚህ መስፈርት የጓደኞችሽን ምክር እንየው። ክፉ አላሰቡልሽም። ኳንተም ማሽን ለርኒንግ በእርግጥም ብዙ ይጻፍበታል። ችግሩ በማስተርስ ደረጃ የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ትንሽ ዳታ ይወሰዳል። አራት ወይም ስምንት ኩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ ቅንጣት) ያለው ሰርኪት ላፕቶፕ ላይ ይሰለጥናል። ውጤቱ ከተራው ኒውራል ኔትወርክ ጋር ተቀራራቢ ሆነ ይባላል። ከዚያስ? ስምንት ኩቢትን ላፕቶፕሽ ያለምንም ጭንቀት ያሰላዋል፤ ስለዚህ ስለ ኳንተም ፍጥነት ምንም አልተማርንም። ኩቢቶቹን እናብዛ ካልሽ ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለ። በ2018 ጃሮድ ማክሊንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በዘፈቀደ የተሠራ ሰርኪት ኩቢቶቹ በበዙ ቁጥር የሥልጠናው አቅጣጫ ጠቋሚ፣ ማለትም ግራዲየንቱ፣ በኤክስፖነንሻል ፍጥነት ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሰርኪቱ ወዴት መሻሻል እንዳለበት የሚነግረው ነገር ያጣል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ ለአንቺ ይጠቅምሻል ብዬ አስባለሁ። በ2016 ዮርዳኒስ ኬሬኒዲስና አኑፓም ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ለገዢዎች ዕቃ የሚጠቁም የኳንተም አልጎሪዝም አወጡ። አንድ የድረ ገጽ ሱቅ «ይህንን የገዙ ያንንም ወደዋል» እንደሚለው ዓይነት ማለት ነው። እስከዚያ ከሚታወቅ ማንኛውም ተራ አልጎሪዝም በኤክስፖነንሻል ይፈጥናል ተብሎ ነበር። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የ18 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለነበረችው ለኢዊን ታንግ፣ አማካሪዋ ስኮት አሮንሰን ተራ ኮምፒውተር ይህን ፍጥነት ሊደርስበት እንደማይችል እንድታረጋግጥ ጥያቄ ሰጣት። ማረጋገጫው አልመጣ አላት። መጨረሻ ላይ ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ ተራ ኮምፒውተርም ሊቀርበው ይችላል። የሠራችበት መሣሪያ ሒሳብ ነው። አማካሪዋ የሰጣትም ሰፊ መስክ ሳይሆን አዎ ወይም አይደለም የሚባል አንድ ጥያቄ ነበር።

ከዜና አርዕስት ተነስቶ ታይትል መምረጥም አልወድም። ጉግል በ2019 ባለ 53 ኩቢቱ ሲካሞር ቺፕ በ200 ሴኮንድ የሠራውን ሱፐርኮምፒውተር በ10,000 ዓመት ነው የሚጨርሰው አለ። አይቢኤም ወዲያው ሁለት ቀን ተኩል ይበቃል ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ሌሎች የበለጠ አሳጠሩት። በ2023 አይቢኤም ራሱ በ127 ኩቢት የሠራውን ስሌት ሌሎች ቡድኖች ብዙም ሳይቆዩ በተራ ኮምፒውተር ደገሙት። መስኩ የሚያድገው በዚህ ዓይነት ፉክክር ስለሆነ ክፋት የለውም። የክረምት ተማሪ ግን ጊዜዋ ውስን ነው። ፕሮፖዛል አስገብተሽ ዲፌንስ እስክትደርሺ መሬቱ ከሥርሽ የሚንሸራተት ጥያቄ አትያዢ።

አሁን ወደ አማካሪሽ ሌዘር እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጓደኞችሽ ያረጀ ነው ያሉት ስለ ሌዘሩ ስለማያውቁ ይመስለኛል። ባለሦስት እርከን ሌዘር ውስጥ አተሙ ከላይኛው የኃይል እርከን በመካከለኛው በኩል ወደ ታችኛው ሲወርድ ሁለት ፎቶን፣ ማለትም ሁለት የብርሃን ቅንጣት፣ ይለቃል። ሁለቱ ፎቶኖች በአንድ ሒደት ስለተወለዱ በመካከላቸው ጠንካራ ዝምድና አለ። ሁኔታው ሲመቻች የሚወጣው ብርሃን የተጨመቀ፣ በተለምዶ ስኩዊዝድ የምንለው ይሆናል። የብርሃን መዋዠቅ ሁለት ገጽታ እንዳለው ታውቂያለሽ። የሃይዘንበርግን መርህ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ብርሃን ባይኖርም ከሚቀረው ከባዶ ቦታው መዋዠቅ በታች አውርድ ብትዪው እምቢ ይላል። አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ማድረግ ግን ይፈቅዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል በዚህ ሌዘር ላይ ለዓመታት ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ተሠርተዋል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገር ውስጥ የሚጠየቅ ሰው አለው።

ይህ ብርሃን ዛሬ የት ነው ያለው? የስበት ሞገድ የሚያዳምጠው ላይጎ ከ2019 ጀምሮ መደበኛ ምልከታውን የሚያደርገው በተጨመቀ ብርሃን እየታገዘ ነው። በቻይና በ2020 ይፋ የሆነው ጂውጃንግ የተባለው የፎቶን ኳንተም ኮምፒውተር የሚመገበው የተጨመቀ ብርሃን ነው። በካናዳ ዛናዱ የተባለው ኩባንያ በ2022 ያሳየው ቦሪያሊስም እንደዚሁ። የእነዚህ በብርሃን የሚሠሩ ኳንተም ኮምፒውተሮች ጥሬ ዕቃ አማካሪሽ ዘመናቸውን ሁሉ ሲያሰሉት የኖሩት ነገር ነው። ልብሽ ያለበትና እሳቸው ያሉበት ቦታ አንድ ላይ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ እንዴት እንደሚወጣ ላሳይሽ። የብርሃን ዋነኛ ጠላት ብክነት ነው፤ ፋይበሩም መስታወቱም ፎቶን ይውጣል። የባዶ ቦታውን መዋዠቅ 1 እንበለው። የተጨመቀው መዋዠቅ V ይሁን። ከብርሃኑ η የሚሆነው ክፍል ብቻ ካለፈ፣ የሚቀረው መዋዠቅ ηV + (1−η) ነው። 10 ዴሲቤል (ዴሲቤል የጭመቃው መጠን መለኪያ ነው) የተጨመቀ ብርሃን V = 0.1 ነው። ከእሱ አንድ አሥረኛው ብቻ ይባክን። 0.09 + 0.1 ይመጣል፣ 0.19። ይህ 7.2 ዴሲቤል ገደማ ነው። አሥር በመቶ ብክነት ከአሥሩ ዴሲቤል ወደ ሦስት የሚጠጋውን ወሰደው! ግማሹ ቢባክን የሚቀርሽ 2.6 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ቀመሩን ደግመሽ ካየሽው ብክነት ብቻውን ጭመቃውን ያሳሳዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። የሙቀት ኖይዝ፣ ማለትም ከሙቀት የሚመጣ ረብሻ፣ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። በ(1−η) ፊት ያለው 1 ወደ N ያድጋል። V እዚያው 0.1 ሆኖ N = 2 ብለሽ አስቢው፤ ከብርሃኑ 47 በመቶ ገደማ ሲባክን መዋዠቁ 1 ላይ ይደርስና ጭመቃው ይጠፋል፤ ድንበሩ ያ ነው። ይህ የአንድ ሞድ፣ ማለትም የአንድ ዓይነት የብርሃን ሞገድ ብቻ፣ ስሌት ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪሽም ይሠራዋል። የአማካሪሽ ሌዘር ግን ሁለት ሞድ አለው፣ በሁለቱ መካከል ኢንታንግልመንት አለ፣ ኖይዙም ከአተሞቹ ራሱ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ድንበሩ የት ነው? አግድሙ መስመር ብክነት፣ ቋሚው መስመር የኢንታንግልመንት መለኪያ፣ ለተለያየ ሙቀት የተለያየ መስመር። ግራፉን አሁኑኑ በእጅሽ መሣል ትችያለሽ። መለኪያው ከ2000 ጀምሮ አለ፤ ዱዋንና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው፣ አማካሪሽ በእርግጠኝነት ያውቁታል።

ከሌዘሩ ሌላም ጥያቄ ይወጣል። በወረቀት የሚሠሩ ስሌቶች እንዲቀሉ ብዙ ጊዜ ሊኒየር አፕሮክሲሜሽን (ውስብስቡን ቀመር በቀጥታ መስመር መገመት) ይወሰዳል። አፕሮክሲሜሽኑ እስከ የት ድረስ ያስኬዳል? ኪውቲፕ የተባለ ነፃ የፓይተን ፓኬጅ አለ። የዚህ ዓይነቱን ሥርዓት ማስተር ኢኩዌሽን (ሥርዓቱ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ የሚናገረውን ቀመር) በቁጥር ይፈታል። ፎቶኖቹ ጥቂት ከሆኑ ላፕቶፕሽ ይበቃዋል። አማካሪሽ በወረቀት ያገኙትን ውጤት አንቺ በቁጥር ትፈትሺዋለሽ። የሚገጣጠሙበትንና የሚለያዩበትን ቦታ ማሳየት ራሱን የቻለ ውጤት ነው። መቼም ጥሩ አማካሪ በዚህ ይደሰታል እንጂ አይከፋም።

ሁለተኛው መንገድ የስህተት እርማት ነው። ከሁሉም የኳንተም ኮምፒውተር ጥያቄዎች አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። የዛሬ ኩቢቶች ይሳሳታሉ። ከሺህ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ጊዜ መሳሳት ለእኛ ትንሽ ይመስለናል፤ የሾርን አልጎሪዝም ለማስኬድ ግን እጅግ ብዙ ነው። መፍትሔው አንድን መረጃ በብዙ ኩቢቶች ላይ በትኖ ማስቀመጥ ነው። ችግሩ ኩቢትን ዝም ብለሽ ካየሽው መረጃው ይበላሻል። ስለዚህ የሚጠየቀው በዘዴ ነው። ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎችን «መልሳችሁ አንድ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽ፣ መልሱን ግን እንዳይነግሩሽ ብታደርጊ እንደማለት ነው። አይደለም ካሉ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። ብዙ ጥንዶችን ስትጠይቂ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ትገምቻለሽ። ግምቱን የሚሠራው ፕሮግራም ዲኮደር ይባላል፤ የሚሮጠውም በተራ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ለምን ለአንቺ ይመቻል? እንደዘበት የማይታይ የሒሳብ ምክንያት አለው። አጠቃላይ የኳንተም ሁኔታን ለማስላት እያንዳንዱ ተጨማሪ ኩቢት የሚፈልገውን ማህደረ ትውስታ እጥፍ ያደርገዋል። 25 ኩቢት ግማሽ ጊጋባይት ይፈልጋል፣ 28 ኩቢት 4 ጊጋባይት። 29ኛው ላይ 8 ጊጋባይቱ ያልቅብሻል። የስህተት እርማት ሰርኪቶች ግን የተለየ ባሕርይ አላቸው። ጎተስማንና ኒል ባሳዩት መሠረት ተራ ኮምፒውተር በፍጥነት ያሰላቸዋል። በ2021 የጉግሉ ክሬግ ጊድኒ ስቲም የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አወጣ። በእሱ በሺህ የሚቆጠሩ ኩቢቶች ያሉትን የስህተት እርማት ሰርኪት በላፕቶፕ ማስኬድ ይቻላል። ዲኮደር ከፈለግሽ ፓይማቺንግ አለልሽ። ሁለቱም ከፓይተን ይጠራሉ።

ጉግል በዲሴምበር 2024 ዊሎው በተባለው ባለ 105 ኩቢት ቺፑ ያሳየው ይህንኑ የስህተት እርማት ነው። ሰርፌስ ኮድ የሚባለውን፣ መረጃውን እንደ ዳማ ሰሌዳ በተደረደሩ ኩቢቶች ላይ የሚበትነውን ዘዴ፣ ስፋቱን ከ3 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 7 ሲያሳድገው ስህተቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከግማሽ በታች ወረደ። ኩቢት ሲጨመር ስህተት መጨመሩ ቀርቶ መቀነስ ጀመረ ማለት ነው። ይህ እስኪሆን ኪታዬቭ ሐሳቡን ካፈለቀበት ከ1997 ጀምሮ ከ25 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዲኮደሩ ግን አሁንም እየተሯሯጠ ነው። የቺፑ አንድ ዙር 1.1 ማይክሮ ሴኮንድ ሲፈጅ፣ ዲኮደሩ መልስ ለመስጠት በአማካይ 63 ማይክሮ ሴኮንድ ዘግይቷል።

እጅሽን የምታፍታቺው በትንሹ ነው። 0ን 000፣ 1ን 111 ብለሽ አስቀምጪ። እያንዳንዱ ቢት በ1 በመቶ ዕድል (p = 0.01) ይገልበጥ። በብዙኃን ድምፅ አርሚው። የሚቀረው የስህተት ዕድል 3p² − 2p³ ነው፣ ወደ 0.0003 ይወርዳል። ፓይተን ላይ ይህንን በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሺዋለሽ፤ የሲሙሌሽኑ ቁጥር ከቀመሩ ጋር ካልገጠመ ወደፊት አትሂጂ። ከዚያ በስቲም ሰርፌስ ኮድን በ3፣ በ5፣ በ7 አስኪጂ። አግድሙ ላይ የአንድ ኩቢት ስህተት፣ ቋሚው ላይ ከእርማት በኋላ የሚቀረው ስህተት ሲሆን፣ ሦስቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ ትሬሽሆልዱ ነው፤ ከእሱ በታች ኮዱን ማስፋት ስህተቱን ይቀንሳል። ይህን ግራፍ ሌሎች ሠርተውታል፤ አንቺ ደግመሽ ታወጪዋለሽ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ትቀይሪያለሽ።

ምን ልቀይር ካልሽኝ፣ እኔን የሚስበኝ ዲኮደሩ ስለ ኖይዙ የተሳሳተ መረጃ ሲሰጠው ነው። ዲኮደሩ ኩቢቶቹ ሁሉ እኩል ይሳሳታሉ ብሎ ያስባል እንበል። እውነታው ግን ጥቂቶቹ ከሌሎቹ አራት እጥፍ ይሳሳታሉ። ውጤቱ ምን ያህል ይበላሻል? የመጥፎዎቹ ኩቢቶች ቁጥር አግድሙ ላይ፣ የመጨረሻው ስህተት ቋሚው ላይ። ትንሽ ለውጥ ትልቅ ውጤት ሊያመጣ እንደሚችል ደግሞ ማስረጃ አለ። ፓብሎ ቦኒያ አታይድስ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እያለ የሰርፌስ ኮዱን ግማሽ ኩቢቶች የመለኪያ አቅጣጫ ገለበጠው። አንድ ዓይነት ስህተት ለሚበዛባቸው ማሽኖች ኮዱ በጣም የተሻለ ሆነ። ሥራው በ2021 በኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ታተመ።

ሲሙሌሽን ውስጥ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ስታቲስቲክስ ነው። ከሚሊዮን አንድ ጊዜ የሚከሰት ስህተትን በ10 በመቶ ትክክለኛነት ለመለካት መቶ ያህል ክስተት ማየት አለብሽ፤ ያ ማለት መቶ ሚሊዮን ሙከራ ነው። ላፕቶፕሽን አታቃጥዪው። ከሺህ አንድ አካባቢ ያለው ክልል ውስጥ ቆዪ፤ ጥያቄሽ እዚያም ይመለሳል። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የስህተት ወሰኑን አስቀምጪ፤ የሌለው ግራፍ ዲፌንስ ላይ ያስጠይቅሻል። መብራት ስለሚጠፋ ደግሞ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ነጥብ እንደጨረሰ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጊ። ሌሊቱን ሙሉ የሮጠ ስሌት ሊነጋጋ ሲል ጠፍቶ ከዜሮ መጀመር ተስፋ ያስቆርጣል።

ከሁለቱ የቱን? እኔ ብሆን ሌዘሩን እመርጣለሁ። ዲኮደሩን የበለጠ ብወደውም ማለቴ ነው። የመጀመሪያ ቴሲስ ላይ ትልቁ ሀብት ስህተትሽን ቶሎ የሚያይልሽ ሰው ነው። አማካሪሽ የሌዘሩን ስሌት ሲያዩ የምልክት ስህተት እንኳ አያመልጣቸውም። ዲኮደር ላይ ግን ብቻሽን ትሆኛለሽ። የኮምፒውተር ሳይንስ ወይም የሒሳብ ክፍል ውስጥ ረዳት አማካሪ ለመሆን የሚስማማ ሰው ካገኘሽ፣ አማካሪሽም ከፈቀዱ፣ ያኔ ዲኮደሩን ያዢ።

ስለ ቀሪው ዝርዝር በአጭሩ። የኳንተም ቁልፍ ልውውጥ ከ1984 የቤኔትና ብራሳርድ ሥራ ጀምሮ ያለ ትልቅ መስክ ነው፤ አዲስ ነገር ለማከል ግን ብዙውን ጊዜ መሣሪያ ይጠይቃል። ኳንተም ኮምፒውተርን የሚቋቋም ምስጠራ የሒሳብ ሰው ሥራ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች በኦገስት 2024 አጸደቀ። በዚያ ውድድር ሩቅ የተጓዘው ሳይክ የተባለው ስልት በ2022 በአንድ ፕሮሰሰር ኮር በአንድ ሰዓት ገደማ ተሰብሯል፤ የሰበረውም ተራ ኮምፒውተርና ንጹሕ ሒሳብ ነው። ቶፖሎጂካል ኩቢትን፣ ማለትም በአሠራሩ ራሱ ከስህተት ይጠበቃል የሚባለውን ኩቢት፣ አሁን አትንኪው። በ2018 ኔቸር በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣ፣ ለዚህ ኩቢት መሠረት ይሆናል የተባለለት የማዮራና ቅንጣት ውጤት በ2021 በጸሐፊዎቹ ተሰርዟል፤ ክርክሩ ገና አልበረደም።

ለንባብ አርካይቭ የተባለውን ድረ ገጽ ተጠቀሚ። ከ1991 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጽሑፎቹ በነፃ ይወርዳሉ፣ ፋይላቸውም ቀላል ነው። የካልቴኩ ጆን ፕሬስኪል የክፍል ማስታወሻዎችም በነፃ ይገኛሉ። ኢንተርኔት ያለበት ቀን ፓኬጆቹንም ጽሑፎቹንም አንድ ላይ አውርጂ። ብዙ ጽሑፍ ከምታገላብጪ አንድ ጽሑፍ መርጠሽ አንድ ግራፉን በራስሽ እጅ ድገሚ። ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ካለው ቅዳሜ እንዲፈቅዱልሽ ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ። በትሪየስት ያለው ዓለም አቀፉ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል፣ አብዱስ ሳላም በ1964 የመሠረተው፣ ብዙ ንግግሮቹን ዩቲዩብ ላይ ይለቃል። ኪጋሊ ውስጥም ከ2018 ጀምሮ ቅርንጫፍ አለው፤ ከማስተርስ በኋላ መቀጠል ከፈለግሽ ማመልከቻውን ተከታተይ። በኢሜይል መጥቶ በሳምንት ውስጥ እናትማለን፣ ክፍያውን ላኪ የሚልሽን ጆርናል ግን አትመልሺለት።

አማካሪሽ ዘንድ ስትሄጂ አንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ። ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ግራፉን በእጅሽ ሣይው፣ ሁለቱን መስመሮች ሰይሚ። መጀመሪያ ደግመሽ የምታወጪው የየትኛውን ጽሑፍ የትኛውን ግራፍ እንደሆነ አስፍሪ። ድንበሩ ባይገኝ ምን እንደምትጽፊ አንድ መስመር ጨምሪ። እሳቸው ግማሹን ሊቀይሩት ይችላሉ፤ ይቀይሩት። ታይትሉ ከዚያ ገጽ ይወጣል። ለጊዜው ግን ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ ይህን ያዢ፦ «ብክነትና የሙቀት ኖይዝ ከባለሦስት እርከን ሌዘር በሚወጣ ብርሃን ኢንታንግልመንት ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ»።